የመብራት መቆራረጥን የሚመዘግብ ስክሪፕት ዊንዶውስ ላይ ከጀርባ ሳይቋረጥ እንዲሠራ ማድረግ

የአክስቴ ልጅ ጅማ ሄርማታ አካባቢ ትንሽ መድኃኒት ቤት አላት። ከመደርደሪያው ጀርባ ፍሪጅ አለ፤ ኢንሱሊንና ሌሎች በቅዝቃዜ የሚቀመጡ መድኃኒቶች የሚያድሩት እዚያ ውስጥ ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቆየት አለበት። ክረምት ሲገባ፣ ዝናቡና መብረቁ ሲበረታ፣ መብራት ሌሊት ይሄድና ሌሊቱን ይመለሳል። ጠዋት በሯን ስትከፍት ፍሪጁ እየሠራ ታገኘዋለች። የጠፋው ለ20 ደቂቃ ይሁን ለ7 ሰዓት ግን የሚነግራት የለም። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ይቺ ላፕቶፕ ሌሊቱን ሙሉ እዚህ ተሰክታ ነው የምታድረው፤ ያየችውን መዝግባ ልትነግረኝ አትችልም?» አለችኝ።

ትችላለች። ቻርጀሩ ተሰክቶ የሚያድር ላፕቶፕ መብራት ሲሄድ ወደ ባትሪ ይዞራል፣ ዊንዶውስም መዞሩን ያውቃል። በየደቂቃው ይህን ጠይቆ ፋይል ላይ አንድ መስመር የሚጽፍ ስክሪፕት፣ ማለትም ኮምፒውተሩ በተራ የሚፈጽማቸው ትእዛዞች የተጻፉበት ፋይል፣ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ስክሪፕቱ ራሱ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ከባዱ ማንም ሳይከፍተው እንዲነሳ፣ ማንም ሳይነካው እንዲሠራ፣ ሲቆምም ራሱ እንዲመለስ ማድረጉ ነው። ከዚህ በታች ብዙውን ቦታ የሰጠሁት ለዚያ ነው።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላስረዳ። ይህ መዝገብ መብራት ስንት ሰዓት ላይ እንደጠፋና ለምን ያህል ጊዜ እንደቆየ ይናገራል እንጂ ፍሪጁ ውስጥ ያለውን ሙቀት አይለካም። ትንሹንና ትልቁን ሙቀት የሚይዘው ቴርሞሜትር ፍሪጁ ውስጥ መቀመጡ አይቀርም። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው የሌሊቱ ነገር የሚታወቀው።

የትእዛዞቹንና የቁልፎቹን ስም እዚህ የጻፍኩት በፊደላችን ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ሲጽፉ ግን እንደተለመደው በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ ድምፁን ተከትለው ከሄዱ አይጠፋዎትም። ምናሌዎቹ በዊንዶውስ 10 እና 11 አንድ ዓይነት ናቸው።

መጀመሪያ ላፕቶፑን ያዘጋጁ

ስክሪፕት የሚሠራው ማሽኑ ነቅቶ ሲቆይ ነው። ኮንትሮል ፓነል ውስጥ «ፓወር ኦፕሽንስ» ይግቡና «ስሊፕ» የሚለውን «ኔቨር» ያድርጉት። ሁለት ዓምድ አለው፤ አንዱ ቻርጀር ሲሰካ፣ ሌላው በባትሪ ሲሆን። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ቀይሮ ይወጣል። እኛ የምንፈልገው ደግሞ በተለይ ሁለተኛውን ነው፤ መብራት የሌለበትን ሰዓት የምንቆጥረው ላፕቶፑ በባትሪ ላይ ሆኖ ነውና። ክዳኑ ሲዘጋ ምን ይሁን የሚለውንም በሁለቱም ዓምድ «ዱ ናቲንግ» ያድርጉት። ስክሪኑ ግን በ1 ደቂቃ ይጥፋ፤ ባትሪው ረዘም ይላል።

እዚያው ገጽ ላይ «ቹዝ ዋት ዘ ፓወር በተንስ ዱ» የሚል አለ። ውስጡ ገብተው «ፋስት ስታርትአፕ» የሚለውን ምልክት ያንሱት። እሱ በርቶ ከሆነ «ሻት ዳውን» ሲሉ ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ የውስጡን ሁኔታ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ነው የሚተኛው። በማግሥቱ ሲከፈት እንደ አዲስ ስለማይነሳ «ኮምፒውተሩ ሲነሳ ጀምር» የተባለ ሥራ ላይጀምር ይችላል።

ሰዓቱንም ይመልከቱ። የሰዓት ቀጠናው በዊንዶውስ ዝርዝር ውስጥ «ናይሮቢ» የሚለው፣ ፕላስ 3 የሆነው ነው። ላፕቶፑ አሮጌ ከሆነና ባትሪው ባለቀ ቁጥር ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ ክብ ባትሪ አልቃለች ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ሲአር 2032 የምትባለው የ3 ቮልት ባትሪ ናት፤ መርካቶ ያሉ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ውስጥ ትገኛለች። በላፕቶፕ ላይ ግን አንዳንዴ ሽቦ ያላት ስለምትሆን አሮጌዋን ይዘው ይሂዱ። ሰዓቱ የተሳሳተ መዝገብ ካለመኖሩ ይብሳል፣ ሰው አምኖት ይወስንበታልና።

ስክሪፕቱ ምን ያደርጋል

ስክሪፕቱን የሚያነበውና የሚፈጽመው ፓወርሼል የሚባለው ፕሮግራም ነው፤ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣ ስለሆነ የሚጫን ነገር የለም። ስክሪፕቱ የማያልቅ ዙር ነው፤ «ዋይል» ብለው «ትሩ»ን ሁኔታ አድርገው ይሰጡታል። በዙሩ ውስጥ መጀመሪያ «ጌት-ሲምኢንስታንስ» በሚለው ትእዛዝ «ዊን32_ባትሪ» የተባለውን ይጠይቃል። ከመልሱ ሁለት ነገር እንፈልጋለን፦ «ባትሪስታተስ» እና «ኢስቲሜትድቻርጅሪሜይኒንግ»። የመጀመሪያው 1 ከሆነ ላፕቶፑ ከባትሪ እየጠጣ ነው፣ ማለትም መብራት የለም። 2 ከሆነ ቻርጀሩ ኤሌክትሪክ እያገኘ ነው። ሌሎች ቁጥሮችም አሉ፤ 4 ባትሪው ዝቅ ማለቱን፣ 5 ሊያልቅ መድረሱን ስለሚናገሩ እኔ 1ን፣ 4ንና 5ን «የለም»፣ የቀረውን ሁሉ «አለ» አድርጌ ጽፌዋለሁ። ሁለት ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ሁለት መልስ ይሰጣል፤ እዚያ ላይ ከሁለቱ አንዱ እንኳ ከእነዚህ ሦስት ቁጥሮች አንዱን ካለ «የለም» ይበል። ሁለተኛው ነገር የባትሪው ቀሪ መጠን ነው፣ በመቶኛ።

ከዚያ «አድ-ኮንተንት» ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ «መብራት አለ» ወይም «መብራት የለም» የሚለውን ቃልና የባትሪውን መጠን በአንድ መስመር ፋይሉ ላይ ይጨምራል። በመጨረሻ «ስታርት-ስሊፕ» 60 ሴኮንድ ያሳርፈውና ዙሩ እንደገና ይጀምራል።

ባትሪው የተጠየቀበትን ክፍል በ«ትራይ» እና «ካች» ይክበቡት። አንድ ጊዜ መልስ ባይመጣ ስክሪፕቱ ከሚሞት «አልተነበበም» ብሎ ጽፎ ይለፍ።

ለምን በየደቂቃው ይጻፋል፣ ለውጥ ሲኖር ብቻ ቢጻፍስ? መጀመሪያ እንደዚያ ነበር የሠራሁት። ችግሩ፣ ስክሪፕቱ ሞቶ ያደረበትና መብራት ሳይጠፋ ያደረበት ሌሊት በፋይሉ ላይ አንድ ሆነው ይታያሉ፤ ሁለቱም ባዶ ናቸው። በየደቂቃው ሲጽፍ ግን ባዶው ራሱ ይናገራል። ቦታም አይበላም፤ በቀን 1,440 መስመር ነው፣ አንዱን መስመር 40 ባይት ቢያደርጉት ዓመቱን ሙሉ 21 ሜጋባይት ያህል ነው። ከፋይሉ ስም ላይ ዓመቱንና ወሩን ካስገቡ በየወሩ አዲስ ፋይል ይከፍታል።

አማርኛ ለሚጽፍ ሰው የሚያስፈልግ ነገር አለ። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ፓወርሼል 5.1 ስክሪፕቱን ሲያነብም ሆነ ፋይል ላይ ሲጽፍ ፊደላችንን የማያውቅ አሮጌ ኮድ ነው የሚጠቀመው። ስለዚህ ኖትፓድ ላይ «ሴቭ አዝ» ሲሉ ከታች ካለው «ኢንኮዲንግ» ላይ «ዩቲኤፍ-8 ዊዝ ቦም» የሚለውን ይምረጡ። «አድ-ኮንተንት» ላይም «ኢንኮዲንግ» ብለው «ዩቲኤፍ8» ይጨምሩ። አንዱን ከረሱ «መብራት የለም» ያሉት ጠዋት ላይ የጥያቄ ምልክት ወይም ትርጉም የሌለው ፊደል ሆኖ ይጠብቅዎታል።

ስክሪፕቱን የት ያስቀምጡት? ዴስክቶፕ ላይ አይደለም፣ በቀጥታ ሲ ድራይቭ ላይ በተከፈተ ፎልደርም አይደለም። ሥራው የሚካሄደው ከፍተኛ ሥልጣን ባለው «ሲስተም» በሚባለው አካውንት ስለሆነ፣ ስክሪፕቱን መቀየር የቻለ ሰው ሁሉ ኮምፒውተሩን እንደልቡ ማድረግ ይችላል። ሲ ላይ የተከፈተ ፎልደር ደግሞ በመደበኛው አሠራር ለማንኛውም ተጠቃሚ ለመጻፍ ክፍት ነው። «ፕሮግራም ፋይልስ» ውስጥ «ፓወርሎግ» የሚል ፎልደር ከፍተው ስክሪፕቱንም መዝገቡንም እዚያ ያኑሩ። ተራ ተጠቃሚ እዚያ ያለውን ያነባል እንጂ አይነካም፤ መዝገቡ ሳይነካካ የሚቆየውም በዚሁ ነው። የመዝገቡን ስም በስክሪፕቱ ውስጥ ከድራይቩ ጀምሮ በሙሉ አድራሻው ይጻፉ። ስሙን ብቻ ከጻፉ ፋይሉ እርስዎ ባላሰቡት፣ በዊንዶውስ የራሱ ፎልደር ውስጥ ይገኛል።

ለምን «ሰርቪስ» አላደረግነውም

ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚሞክረው ስክሪፕቱን በቀጥታ እንደ ዊንዶውስ ሰርቪስ፣ ማለትም ዊንዶውስ ራሱ ከጀርባ እንደሚያሠራው ፕሮግራም፣ ማስመዝገብ ነው። ምዝገባው ይሳካል፣ ሲያስነሱት ግን ትንሽ ቆይቶ 1053 የሚል ስህተት ይመጣል። ዊንዶውስ አንድን ሰርቪስ ሲያስነሳ «ተነስቻለሁ» የሚል መልስ ይጠብቃል፤ ስክሪፕት ይህን መልስ መስጠት አያውቅም። ስክሪፕቱን ሸፍኖ በእሱ ፈንታ የሚመልስ ኤንኤስኤስኤም የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ይሠራልም። ነገር ግን አንድ ፋይል ላይ አንድ መስመር ለሚጽፍ ሥራ ሌላ ፕሮግራም ከኢንተርኔት ማውረድ አያስፈልግም እላለሁ። ሥራዎችን በተባለው ጊዜ የሚያስነሳው፣ ዊንዶውስ ውስጥ ያለው ታስክ ስኬጁለር ይበቃል፣ መቼቱ በጥንቃቄ ከተሞላ።

ታስክ ስኬጁለር ላይ መሙላት

ስታርት ላይ ስሙን ጽፈው በአድሚኒስትሬተር ይክፈቱት። በቀኝ በኩል ካሉት «ክሪኤት ታስክ» የሚለውን ይጫኑ። «ክሪኤት ቤዚክ ታስክ» የሚለው ቀለል ያለ ይመስላል፤ የምንፈልጋቸውን ግን ስለማያሳይ ይተዉት።

«ጀነራል» ላይ ስም ይስጡት። «ቼንጅ ዩዘር ኦር ግሩፕ» ብለው «ሲስተም» ይጻፉ። በዚህ ዓይነት የይለፍ ቃል አይጠየቅም፣ ማንም ሳይገባም ይሠራል፣ ጥቁር መስኮትም አይታይም። «ሂደን» የሚለውን ሳጥን መስኮት የሚደብቅ መስሏቸው የሚጫኑት አሉ፤ የሚደብቀው ሥራውን ከዝርዝሩ ላይ ነው፣ ኋላ ሲፈልጉት ያጡታል።

«ትሪገርስ» ላይ ሁለት ማስነሻ ያስገቡ። የመጀመሪያው «አት ስታርትአፕ» ነው፣ በ1 ደቂቃ መዘግየት። ሁለተኛው «ኦን ኤ ስኬጁል» ሆኖ «ዋን ታይም»፤ ሥሩ ላይ «ሪፒት ታስክ ኤቭሪ» 5 ደቂቃ፣ ቆይታው «ኢንደፊኒትሊ»። ይህ ሁለተኛው ነው ስክሪፕቱን ከሞት የሚመልሰው። «ሴቲንግስ» ውስጥ «ሥራው ከከሸፈ እንደገና ጀምር» የሚል አለ፤ እኔም አምኜበት ነበር፣ ነገር ግን ስክሪፕቱ በመሀል ሲሞት ታስክ ስኬጁለር እንደ ክሽፈት የማይቆጥርበት ጊዜ ብዙ ነው። በየ5 ደቂቃው የሚቀሰቅስ ማስነሻ ካለ ግን እየሠራ ከሆነ ያልፈዋል፣ ሞቶ ከሆነ ያነሳዋል። ቢበዛ የሚጠፋው የ5 ደቂቃ መዝገብ ነው።

«አክሽንስ» ላይ ፕሮግራሙ «ፓወርሼል» ነው፣ መጨረሻው ነጥብ ኢኤክስኢ። «አድ አርጉመንትስ» በሚለው ቦታ በተከታታይ ሦስት ነገር ይገባል፤ እያንዳንዱ ሰረዝ ይቀድመዋል፦ «ኖፕሮፋይል»፣ ቀጥሎ «ኤግዜኪዩሽንፖሊሲ» ከ«ባይፓስ» ጋር፣ መጨረሻ «ፋይል» ከስክሪፕቱ ሙሉ አድራሻ ጋር። «ፕሮግራም ፋይልስ» በመሀሉ ክፍተት ስላለው አድራሻው በድርብ ትእምርተ ጥቅስ ይከበብ። «ባይፓስ» ያልነው ዊንዶውስ በመደበኛው ስክሪፕት እንዳይሠራ ስለሚከለክል ነው፤ ፈቃዱን ለዚህ ሥራ ብቻ መስጠት የኮምፒውተሩን ሕግ በሙሉ ከማላላት ይሻላል።

አሁን «ኮንዲሽንስ»። እባክዎ እዚህ ላይ ይቆዩ። «ስታርት ዘ ታስክ ኦንሊ ኢፍ ዘ ኮምፒውተር ኢዝ ኦን ኤሲ ፓወር» የሚል አለ፤ ሥሩ ደግሞ «ስቶፕ ኢፍ ዘ ኮምፒውተር ስዊችስ ቱ ባተሪ ፓወር»። ሁለቱም ሳይነኳቸው ምልክት ተደርጎባቸው ነው የሚመጡት። የመጀመሪያው መብራት ከሌለ አትጀምር ይላል፣ ሁለተኛው መብራት ሲሄድ አቁም። ለሌላ ሥራ ባትሪ የሚቆጥብ ጥሩ ሐሳብ ነው። ለእኛ ግን ዘበኛውን ሌባ ሲመጣ ተኛ ማለት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት እነዚህን ሳላያቸው አልፌ ሦስት ሌሊት የተመዘገበው «መብራት አለ» የሚል ብቻ ነበር፤ ጎረቤቶቹ ሁሉ ሌሊት መብራት አልነበረም ሲሉ መዝገቡ በመሀል ተቆርጦ ቆሞ ነበር። የአክስቴ ልጅ መዝገቡን አምና መድኃኒቱን ብትሸጥስ ኖሮ ብዬ ሳስብ እስከ ዛሬ ይከብደኛል። ሁለቱንም ምልክት ያንሱ።

«ሴቲንግስ» ላይ ደግሞ «ስቶፕ ዘ ታስክ ኢፍ ኢት ረንስ ሎንገር ዛን» የሚለው 3 ቀን ተሞልቶ ይጠብቃል። ካልነሳ ስክሪፕቱ በየሦስት ቀኑ ይቆረጣል፤ ሰኞ የጀመሩት ሐሙስ ላይ ይቆማል። ያንሱት። ከታች «ኢፍ ዘ ታስክ ኢዝ ኦልሬዲ ረኒንግ» የሚለው «ዱ ኖት ስታርት ኤ ኒው ኢንስታንስ» መሆኑን ያረጋግጡ። ሌላ ከተመረጠ ያ የ5 ደቂቃው ማስነሻ ስክሪፕቱን እያባዛ ብዙ ያደርገዋል።

«ኦኬ» ብለው ይውጡ፣ ከዚያ በቀኝ በኩል «ኢኔብል ኦል ታስክስ ሂስትሪ» የሚለውን ይጫኑ። ታሪኩ ሳይበራ ነው የሚመጣው፤ ችግር ሲፈጠር ምክንያቱን የሚፈልጉት እዚያ ነው።

ሳይፈትኑት አይመኑት

ሥራውን በ«ረን» ያስነሱትና «ላስት ረን ሪዘልት» የሚለውን ዓምድ ይመልከቱ። በ41301 የሚያልቅ ቁጥር ካዩ እየሠራ ነው፤ ስህተት አይደለም። በ41303 ካለቀ ገና አልጀመረም። ዜሮ ካሳየ ስክሪፕቱ ሥራውን ጨርሻለሁ ብሎ ወጥቷል ማለት ነው፤ የእኛ ስክሪፕት መጨረስ ስለሌለበት ዙሩን እንደገና ያንብቡት። በ2 ካለቀ ብዙውን ጊዜ ፕሮግራሙ፣ «ኤፍኤፍኤፍዲ0000» ካለ ደግሞ ስክሪፕቱ አልተገኘም፤ አድራሻውንና ትእምርተ ጥቅሱን ይዩ።

ከዚያ ቻርጀሩን ነቅለው ሦስት ደቂቃ ይጠብቁና መልሰው ይሰኩት። መዝገቡ ላይ ሦስት ያህል «መብራት የለም» የሚሉ መስመሮች በመሀል መታየት አለባቸው። ቀጥሎ ላፕቶፑን ሪስታርት አድርገው የይለፍ ቃል ሳያስገቡ አምስት ደቂቃ ይተዉት፤ ሲገቡ እርስዎ ከመግባትዎ በፊት የተጻፉ መስመሮች ካሉ ሥራው በእውነት ከጀርባ ነው የሚሠራው። በመጨረሻ ታስክ ማናጀር ውስጥ «ዲቴይልስ» ላይ ፓወርሼልን ይግደሉት፣ በ5 ደቂቃ ውስጥ ይመለስ እንደሆነ ይዩ። ይህን ፈተና ሐሙስ አያድርጉት፤ በጅማ የገበያ ቀን መድኃኒት ቤቱ ሰው ስለሚበዛበት መሀል ላይ ተጠርተው ቻርጀሩን ነቅለው ይረሱታል።

ጠዋት ላይ ማንበብ

መዝገቡ የሚጽፈው በኮምፒውተሩ የ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። ስክሪፕቱ ውስጥ 6 ሰዓት ቀንሶ በእኛ አቆጣጠር እንዲጽፍ ማድረግ ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክርም፣ ሌሊቱ ሁለት ቀን ስለሚነካ ርዝመቱን ሲቆጥሩ ያምታታል። ሲያነቡ ቢለውጡት ይቀላል። ለምሳሌ 01:43 ላይ «የለም» ብሎ ጀምሮ 04:10 ላይ «አለ» ካለ፣ መብራቱ ከሌሊቱ 7:43 እስከ 10:10 ጠፍቶ ነበር፤ 2 ሰዓት ከ27 ደቂቃ።

ባትሪው ካለቀስ? ላፕቶፑ ይተኛል፣ መዝገቡም እዚያ ላይ ይቆማል፤ መብራት ቢመለስም አብዛኛው ላፕቶፕ ሰው ቁልፉን እስኪጫን ድረስ አይነሳም። ስለዚህ በመጨረሻው መስመር ላይ የባትሪው መጠን ዝቅ ብሎ ከዚያ በኋላ ባዶ ከሆነ፣ ባዶውን ጊዜ በሙሉ መብራት እንዳልነበረ ይቁጠሩት። መብራቱ ቀደም ብሎ መጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ለመድኃኒት ግን ወደ ጥንቃቄው ማዘንበል ነው። የባትሪው መጠን ከፍ እንዳለ መዝገቡ ከተቆረጠ ግን ጥፋቱ የመብራቱ ሳይሆን የመቼቱ ነውና ወደ «ኮንዲሽንስ» ይመለሱ።

ላፕቶፕ ሳይሆን ዴስክቶፕ ያለው ሰው ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚይዝ ባትሪ) ከሌለው ኮምፒውተሩ ከመብራቱ ጋር ስለሚጠፋ የሚያነበው ባዶውን ብቻ ነው። እሱ ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት በሚከፈተው የማሽኑ መቼት ውስጥ፣ ገብቶ ኤሌክትሪክ ሲመለስ ራሱ እንዲበራ የሚያደርገውን ምርጫ ያብራ፤ ያን ጊዜ ባዶው የሚጀምርበትም የሚያበቃበትም ሰዓት ከእውነቱ ጋር ይቀራረባል።

የአክስቴ ልጅ አሁን ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የፍሪጁን ቴርሞሜትር ታያለች፣ ቀጥሎ የወሩን ፋይል ከታች ወደ ላይ ታነባለች፤ የጠፋበትንና የተመለሰበትን ሰዓት ከሙቀቱ ጋር ፍሪጁ በር ላይ በተንጠለጠለው ደብተር ትጽፋለች። መድኃኒቱ ይቆይ ወይስ ይወገድ የሚለውን የምትወስነው እሷ ናት፣ ባለሙያዋ። የእኔ ድርሻ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ፋይሉን ፍላሽ ላይ ገልብጬ ማስቀመጥና ቻርጀሩን ለሦስት ደቂቃ ነቅሎ ማየት ነው።